የሞተር ሳይክል ማርሚታ ሲበሳ፦ ማስበየድ፣ ኦርጅናል፣ ተመሳሳይ ቅጂ ወይስ ያገለገለ?

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ የሞተር ሳይክሉ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው) የተበሳበት ሰው ብዙውን ጊዜ በቀጥታ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ያመራል። እዚያ ሲደርስ ምርጫው ይበዛበታል። አንዱ ሻጭ ኦርጅናሉን ያቀርብለታል፤ ሌላው በጣም ባነሰ ዋጋ "ከእሱ የማይለይ" ያለውን ከመደርደሪያ ያወርዳል፤ ሦስተኛው ድምፁ የሚያስገመግም አጭር ማርሚታ ያሳየዋል። መንገድ ላይ የሚያገኘው ወዳጁ ደግሞ "ገንዘብህን ምን አስጨረሰህ፣ አስበይደው" ይለዋል።

ከሚያስገመግመው አጭር ማርሚታ በቀር ሁሉም ለአንዳንድ ሰው ትክክለኛ ምክር ናቸው። ለየትኛው ሰው እንደሆኑ የሚታወቀው ግን አሮጌው ማርሚታ ወርዶ ሲታይ ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፦ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ማርሚታውን ግቢያችሁ ውስጥ ፍቱት፣ የት ቦታ እንደተበላ እዩት፣ ከዚያ ምረጡ።

ማርሚታ ከውስጥ የሚበላበት ምክንያት

አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ሞተሩ ረዘም ላለ ጊዜ ከሠራ ማርሚታው በደንብ ይግላል፣ እንፋሎቱም ተጠርጎ ይሄዳል። ከፒያሳ ሰኞ ገበያ ደርሶ የሚቆም፣ ጥቂት ቆይቶ እንደገና የሚነሳ ሞተር ግን ማርሚታውን በወጉ አያሞቀውም። እንፋሎቱ በቀዝቃዛው ብረት ላይ ወደ ውሃነት ይለወጣል፤ ከጭሱ አሲዳማ ቅሪት ጋር ተቀላቅሎ ዝቅ ባለው ቦታ ይጠራቀማል። ብረቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል ማለት ነው። ቀለሙ ያልተላጠ፣ ከላይ ሲታይ ጤነኛ የሚመስል ማርሚታ ከሥሩ በአውራ ጣት ሲጫኑት ስርጉድ የሚለው ለዚህ ነው።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ክረምቷ በጉምና በዝናብ የሚያልፍ ከተማ በመሆኗ ይህ ችግር ይበረታባታል። ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ፣ ሞቅ ያለ አየር ስላላት በዚህ በኩል ይቀላታል። በሁለቱ መካከል በሐረጎ በኩል የሚመላለስ ሞተር ደግሞ የራሱ ፈተና አለበት፦ ዳገቱን ሲወጣ ቱቦው ክፉኛ ይግላል፣ ክረምት ላይ በዚያው ግለት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ይረጭበታል፣ የመንገዱ ንዝረት ደግሞ መያዣውን ይፈትነዋል። እንዲህ ያለው ማርሚታ ከዝገት በፊት መሰንጠቅ ሊጀምረው ይችላል።

የምንመዝንባቸው ነጥቦች

ከሁሉ የሚቀድመው ልክነት ነው። ማርሚታው ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋር የሚገናኝበት አንገት፣ የሁለቱ የብሎን ቀዳዳዎች ርቀት፣ የቱቦው የውስጥ ስፋትና የኋላው መያዣ ቦታ ከአሮጌው ጋር መመሳሰል አለባቸው። ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚጎድለው ማርሚታ በጉልበት ተጎትቶ ቢታሰርም ሁልጊዜ እንደተወጠረ ይኖራል፤ ውጥረቱም በመጨረሻ ወይ አንገቱን ወይ መያዣውን ይሰነጥቀዋል።

ሁለተኛው የጭሱ ፍሰት ከሞተሩ ጋር መስማማቱ ነው። ሦስተኛው የብረቱ ውፍረትና የመበየጃው ጥራት፣ አራተኛው ድምፁ፣ አምስተኛው በቤት ውስጥ በተራ ቁልፍ የመግጠሙ ቅለት ነው። ወጪውን የምመዝነው በመጨረሻ ነው። ሲመዘንም የማርሚታው ዋጋ ብቻውን አይበቃም፤ ጓርኒሲዮኑ (በአንገቱ መጋጠሚያ ጭስ እንዳያፈስ የሚገባው ቀለበት)፣ ዳዶዎቹ (በብሎኖቹ ላይ የሚጠብቁት)፣ ጎሚኒው (ላስቲኩ)፣ ከሌላ ከተማ ከመጣ ማስላኪያው፣ በዓመቱ እንደገና የሚያስበይድ ከሆነም የሁለተኛው ብየዳ ዋጋ ይደመራል።

ሳትፈቱ አትግዙ

ለብዙዎቹ ባለ 100 እና ባለ 150 ሲሲ ሞተሮች የሚያስፈልገው ጥቂት መሣሪያ ነው፦ የ10፣ የ12 ወይም የ13 ቁልፍ ለአንገቱ ዳዶዎች፣ የ14 ወይም የ17 ቁልፍ ለኋላው መያዣ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ዝገት የሚያላላ ስፕሬይ።

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። የአንገቱን ሁለት ዳዶዎች በሽቦ ብሩሽ ጠርጉና ስፕሬይ ንፉባቸው፤ ቢቻል ማታ ነፍታችሁ ጠዋት ፍቱ። በእነዚህ ዳዶዎች ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ብሎኖቹ ቴስታታው ላይ የተተከሉ ናቸውና አንዱ ከተሰበረ የግማሽ ሰዓት ሥራ ወደ ጋራዥ ጉዳይ ይለወጣል። ዳዶው ትንሽ ከተነቃነቀ በኋላ ከጠበቀ በግድ አትግፉት። ወደኋላ መልሱት፣ ስፕሬይ ጨምሩ፣ እንደገና ወደፊት ውሰዱት። ሩብ ዙር ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ እያላችሁ ስትሄዱ የዝገቱ ዱቄት በጥርሶቹ መካከል ቀይ ሆኖ ሲወጣ ታያላችሁ፤ ያኔ ዳዶው ለመውጣት ተዘጋጅቷል። የኋላውን የመያዣ ብሎን መጨረሻ ላይ ፍቱ፤ ማርሚታው ሲወርድ በሌላ እጃችሁ ደግፉት።

ሞተራችሁ በኢንጀክሽን የሚሠራ ከሆነ በቱቦው ላይ የኦክስጅን ሴንሰር ሊኖር ይችላል። ሶኬቱን መጀመሪያ ንቀሉ፤ ማርሚታውን በሽቦው እንዳታንጠለጥሉት።

ከወረደ በኋላ ሦስት ነገር አድርጉ። በሁለት እጅ ያዙና ነቅንቁት፦ ውስጡ የሚንኳኳ ከሆነ ድምፅ የሚቀንሱት ክፍልፋዮች ተነቅለዋል። ሥሩን በጠንካራ ካቻቪቴ እጀታ ቀስ ብላችሁ መላውን አንኳኩ፦ ጤነኛ ብረት ጠራ ያለ ድምፅ ሲሰጥ የተበላው ይታፈናል። አንገቱንና የመያዣውን መበየጃ በብሩሽ ጠርጋችሁ ስንጥቅ ፈልጉ። ምርጫችሁን የሚወስኑት የእነዚህ ሦስት ምርመራዎች ውጤቶች ናቸው።

ማስበየድ

ብየዳ የሚያዋጣው ጉዳቱ አንድ ቦታ ላይ የተወሰነ ሲሆን ነው። የመያዣው ስንጥቅ፣ በድንጋይ የተመታ ቦታ ወይም ዙሪያው ጠንካራ የሆነ ትንሽ ቀዳዳ ጥሩ ባለሙያ ካገኘ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ልክነቱ የራሱ ስለሆነ የሚቸግር ነገር የለም፣ ድምፁም አይለወጥም፣ ሁለቱም ከተሞች ብየዳ ቤት አያጡም።

ሥሩ በሰፊው የሳሳ ማርሚታ ግን ለብየዳ አይሆንም። የኤሌክትሪክ ብየዳ በቀጭኑ ብረት ላይ ሲያርፍ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ባለሙያው ሲያባርረው በተደፈነው ቀዳዳ ጎን ሌላ ይከፈታል። በዚህ ጊዜ ልጥፍ ላሜራ መደረቡ የማይቀር ነው፤ ልጥፉ ደግሞ የሚያርፈው በበሰበሰ ብረት ላይ ነው።

ማርሚታውን ፈትታችሁ ለብቻው ውሰዱት፤ ሞተሩ ላይ እንዳለ እንዲበየድ አትፍቀዱ። ባትሪና የኤሌክትሪክ ክፍሎች ሊጎዱ ይችላሉ፣ የቤንዚን ታንኩም ከእሳቱ ብዙ አይርቅም። ለልጥፍ የጣሪያ ቆርቆሮ ቁራጭ አይሁን፤ ዚንክ የተቀባ ስለሆነ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ የበያጁን ጤና ይጎዳል፣ መበየጃውም ጥሩ አይይዝም። በብዙ ማርሚታዎች ሥር የምትገኘውን ትንሽ ክብ ቀዳዳም አሳዩት። እሷ የተጠራቀመው ውሃ መውጫ ናት፤ "በሳ" ተብላ ከተደፈነች ማርሚታው ውሃ አቁሮ ይበሰብሳል።

ውስጡ የሚንኳኳ ማርሚታን ማስበየድ ለኔ ትርጉም የለውም። ቀፎው ተቀዶ፣ ክፍልፋዩ ተበይዶ፣ ቀፎው እንደገና እስኪዘጋ የሚጠፋው ጉልበትና ገንዘብ ወደ አዲስ ዋጋ ይጠጋል።

አዲስ ኦርጅናል

በልክነት የሚወዳደረው የለም። ቀዳዳው ይገጥማል፣ መያዣው ቦታው ላይ ያርፋል፣ ካርቡራተሩ (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ክፍል) አይነካም። በቤት ለሚገጥም ሰው ይህ ትልቅ ዋጋ አለው፤ የሚያጋጥመው ያልተጠበቀ ነገር ጥቂት ነውና።

እንቅፋቱ ዋጋውና አቅርቦቱ ነው። ካልተገኘ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቀው አዲስ አበባ ማስላክ ይመጣል፤ በዚያን ጊዜ የሞተሩን ሞዴልና የተሠራበትን ዓመት፣ ከተቻለም በአሮጌው ላይ የታተመውን ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ ላኩ። ሌላው ችግር "ኦርጅናል" የሚለው ተለጣፊ ወረቀት ብቻውን ማስረጃ አለመሆኑ ነው። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፦ ክብደታቸውን በእጅ መዝኑ፣ መበየጃው ያለ መቆራረጥ የሄደ መሆኑን እዩ፣ የታተመውን ቁጥር አስተያዩ።

ተመሳሳይ ቅጂ

ገበያው ላይ በብዛት የሚገኘው ይህ ነው። በዚህ ክፍል ውስጥ ያለው የጥራት ልዩነት እጅግ ሰፊ ስለሆነ ሰው ብዙ የሚከስረውም ብዙ የሚያተርፈውም እዚህ ነው። ከኦርጅናሉ ብዙ የማይለይ ዕድሜ የሚሰጥ ቅጂ አለ፤ አንድ ክረምት የማይሻገርም አለ።

መጀመሪያ ክብደቱን እዩ። በመጠን ከአሮጌው እኩል ሆኖ በጣም የሚቀል ከሆነ ላሜራው ስስ ነው ወይም ውስጡ ከሚገባው በላይ ባዶ ነው። ቀጥሎ በመውጫው በኩል በስልክ መብራት ውስጡን ተመልከቱ። የፋብሪካው ማርሚታ ጭሱን በክፍልፋዮች እያመላለሰ የሚያወጣ ከሆነ ቅጂውም እንደዚያው መሆን አለበት፤ ከመግቢያ እስከ መውጫ ወለል ብሎ የሚታይ ቀጥ ያለ ቱቦ ከሆነ በፋብሪካ ቅርጽ የተሠራ ክፍት ማርሚታ ነው። ከዚያ የአንገቱን ጠፍጣፋ ሳህን ከአሮጌው ጋር ፊት ለፊት ግጠሟቸው፤ ሁለቱ ቀዳዳዎች በትክክል ካልተያዩ አትግዙ። ሻጩ "በሞረድ ይሰፋል" ቢላችሁም አትቀበሉ፤ ቀዳዳው ቢሰፋም ቱቦው መሐሉን ስለሚስት ጭሱ ከጓርኒሲዮኑ ጠርዝ ጋር እየተጋጨ ይወጣል።

ማግኔት ይዞ መሄድም የተለመደ ነው። ማግኔት አለመያዙ አይዝጌ ብረት መሆኑን ሊጠቁም ይችላል፤ መያዙ ግን ብቻውን ጥፋት አይደለም። ብዙ የፋብሪካ ማርሚታዎች ከተራ ብረት ነው የሚሠሩት፣ ማግኔት የሚይዝ የአይዝጌ ብረት ዓይነትም አለ።

ያገለገለ ኦርጅናል

ከተጋጨ ወይም ሞተሩ ከሞተ ሞተር ሳይክል የተፈታ ኦርጅናል ማርሚታ ጥሩ ዕድል ነው፦ ልክነቱ የፋብሪካ ነው፣ ዋጋው ደግሞ ዝቅ ይላል። ምርመራው ግን የራሳችሁን አሮጌ እንደመረመራችሁት ነው፦ ንቅናቄ፣ ማንኳኳት፣ ስንጥቅ ፍለጋ። አዲስ ጥቁር ቀለም የተቀባ ያገለገለ ማርሚታ ካቀረቡላችሁ ሥሩን በአውራ ጣት ጠንከር አድርጋችሁ ተጫኑ። ከተቻለ ከቆላ አካባቢ ሞተር የወረደውን ምረጡ፤ ከውስጥ ዝገት የተረፈ የመሆን ዕድሉ ይሰፋል። ከየት እንደመጣ ሻጩ በግልጽ መናገር የማይፈልገውን ግን ተዉት፤ የሰው ሞተር ተሰርቆ የተፈታ ሊሆን ይችላል።

ክፍት ማርሚታ

መጀመሪያ ላይ ያየነው ድምፁ የሚያስገመግመው ማርሚታ ይህ ነው። ወጣቶች ይወዱታል። እኔ አልመክረውም፤ ምክንያቴም ከድምፁ ይልቅ ካርቡራተሩ ነው። ጭሱ ያለ ችግር ሲወጣ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ይጨምራል፤ ካርቡራተሩ ካልተስተካከለ ቤንዚኑ በዚያው ልክ ስለማይጨምር ድብልቁ ይሳሳል። የሳሳ ድብልቅ ደግሞ ሞተሩን ያግላል፣ ቫልቭና ፒስቶን ይጎዳል።

ደሴ ላይ ይህ ላይታወቅ ይችላል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ገደማ የሳሳ ስለሆነ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ቤንዚን ያበዛል፤ ክፍቱ ማርሚታ ያንን ሲያቀናው ሞተሩ የተሻለ የሮጠ ይመስላል፤ ሻጩ "ጉልበት ጨመረ" ቢልም ያየውን ነው የሚናገረው። ያው ሞተር በባቲ በኩል ወደ አፋር ቆላ ሲወርድ ግን አየሩ ይወፍራል፣ ድብልቁ ይሳሳል፣ ሙቀቱም ከላይ ይጨመርበታል። የሚጎዳው ያኔ ነው።

የድምፁን ነገር ባጭሩ፦ ድምፅ በ10 ዴሲቤል ሲጨምር ለጆሮ እጥፍ ያህል ይሰማል። ጫጫታ በአዋጅ ቁጥር 300/1995 በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር ሥር የተካተተ ጉዳይ ነው። ከሕጉም በፊት ጎረቤት አለ፣ በሌሊት የሚነቃ ሕፃን አለ፣ በሽተኛ አለ።

በወረዳ ሥራ የሚታወቁትን ያማሃ ኤጂ 100 እና ዲቲ 125 የመሳሰሉ ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተሮች የያዛችሁ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ጨርሶ አትሞክሩ። በእነዚህ ሞተሮች የጭስ ቱቦው ሆድ ቅርጽ የግፊት ሞገዱን መልሶ ሊያመልጥ የነበረውን ድብልቅ ወደ ሲሊንደሩ ይገፋዋል። ቅርጹ ሲለወጥ ጉልበቱ ይጠፋል። ለእነሱ ምርጫው ኦርጅናል፣ ያገለገለ ኦርጅናል ወይም ብየዳ ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜም ችግራቸው መበሳት ሳይሆን በዘይት ጥላሸት መደፈን ስለሆነ ማጽዳት ብቻ ሊበቃ ይችላል።

በአንድ እይታ

| ምርጫ | ልክነት | ዕድሜ | ድምፅ | በቤት መግጠም | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ብየዳ | የራሱ | እንደ ጉዳቱ ስፋት | አይለወጥም | ቀላል | ዝቅተኛ፣ ከተደጋገመ ይወደዳል |
| አዲስ ኦርጅናል | እርግጠኛ | ረጅም | የፋብሪካ | በጣም ቀላል | ከፍተኛ |
| ተመሳሳይ ቅጂ | በመለካት የሚረጋገጥ | ከአጭር እስከ ጥሩ | ከፍ ሊል ይችላል | ልኩ ከሆነ ቀላል | መካከለኛ |
| ያገለገለ ኦርጅናል | እርግጠኛ | በቀረው ብረት ልክ | የፋብሪካ | ቀላል | ከዝቅተኛ እስከ መካከለኛ |
| ክፍት ማርሚታ | ብዙ ጊዜ መያዣ መለወጥ ይፈልጋል | የተለያየ | ከፍተኛ | ካርቡራተር ማስተካከል ይጨምራል | መካከለኛ፣ ከማስተካከያው ጋር ከፍተኛ |

ለማን የትኛው?

ዕለት ዕለት በሞተሩ ለሚሠራ፣ ሥራ ባቆመ ቁጥር ገቢው ለሚቋረጥ ሰው አዲስ ኦርጅናል፣ ካልተገኘ ተመርምሮ የተመረጠ ከባድ ቅጂ እመክራለሁ። በሐረጎ ለሚመላለስ ሰው የመያዣው ጥንካሬ ከሁሉ ይበልጣልና ቅጂ የሚገዛ ከሆነ በመያዣው መበየጃ ላይ ዓይኑን ያሳርፍ።

ደሴ ከተማ ውስጥ ብቻ አጫጭር ጉዞ ለሚያደርግ ሰው ሁኔታው ሌላ ነው። ውድ የሆነውም ከውስጥ ይበላልና መካከለኛ ቅጂ ይበቃዋል፤ ከቻለ በሳምንት አንድ ቀን እስከ ጢጣ ወይም ኩታበር ድረስ ነድቶ ማርሚታውን በደንብ ያሙቀው። ኮምቦልቻ ላለ፣ እጁ ላጠረው ሰው ደግሞ ያገለገለ ኦርጅናል ጥሩ ነው። የወር መጨረሻ እስኪደርስ መቆየት ብቻ የሚፈልግ ያስበይድ፤ ግን የሚጠግነው ነገር ጊዜያዊ መሆኑን አውቆ ለአዲሱ ከወዲሁ ይቆጥብ።

የመንግሥት ወይም የድርጅት ሞተር የያዘ ሰው ከኦርጅናል ውጭ ባይገጥም ይሻላል፤ ከጉልበቱም ሌላ የንብረት ጥያቄ ይመጣል።

አገጣጠም

የትኛውንም ብትመርጡ የአንገቱ ጓርኒሲዮን አዲስ ይሁን። ከአጠቃላይ ወጪው ትንሿ እሷ ናት፣ ሥራውን የምታበላሸውም እሷ ናት። አሮጌዋን አውጥታችሁ ከአዲሷ ጋር አስተያዩ፦ አዲሷ ወፈር ብላ ጠርዟ ክብ ነው፤ አሮጌዋ ተጨፍልቃ ጠፍጣፋ ሆናለች፣ በአንድ በኩል ጥቁር የጭስ መስመር ይታይባታል። አንድ ጊዜ የተጨፈለቀች ጓርኒሲዮን ሁለተኛ ጊዜ ጭሱን በደንብ አታግድም። አሮጌዋ ተጣብቃ ከቀረች በጥንቃቄ አውጧት፤ በላይዋ ሌላ አትደርቡ። አዲሷ ቦታዋ ላይ አልይዝ ካለች በትንሽ ግራሶ አጣብቋት፤ ግራሶው ሞተሩ ሲሞቅ ተቃጥሎ ይጠፋል።

ከዚያ ሁሉንም ብሎኖችና ዳዶዎች በጣት ብቻ አስገቡ። ማርሚታው ያለ ውጥረት በራሱ ቦታውን ሲያገኝ የአንገቱን ሁለት ዳዶዎች በየተራ፣ በሩብ ዙር እያፈራረቃችሁ አጥብቁ፤ ሳህኑ በሁለቱም በኩል እኩል ይቅረብ። የኋላው መያዣ መጨረሻ ይጠብቅ። መጀመሪያ እሱን ካጠበቃችሁ አንገቱ ይጣመማል። ለባለ 6 ሚሊ ሜትር ብሎን 10 ኒውተን ሜትር፣ ለባለ 8 ሚሊ ሜትር 20 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃል፤ መለኪያ ቁልፍ ከሌላችሁ በአጭር ቁልፍ በእጅ አንጓ ብቻ አጥብቁ፣ በቱቦ አታስረዝሙት።

ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት አዲሱን ማርሚታ በአልኮል በተነከረ ጨርቅ ጠርጉ። የጣት ቅባት በግለት ይጠበስና አሻራው ኒኬል ላይ ይቀራል።

ማስነሳቱ ደጅ ይሁን። ብርድ ቢሆንም፣ ቢዘንብም በተዘጋ ክፍል ወይም ጋራዥ ውስጥ አታስነሱ። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ በተዘጋ ቤት የከሰል ጭስ ሰው የሚገድልበት ያው ጋዝ ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ሞተሩ ገና ሳይግል አንገቱ ላይ የሳሙና ውሃ ቀቡ፤ አረፋ ከነፋ ያፈሳል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከቀፎው ላይ የሚነሳው ስስ ጭስ የመከላከያ ዘይትና ቀለም ነው፤ ራሱ ያቆማል።

የማፍሰሱ ሁለተኛ ምልክት ቁልቁለት ላይ ይሰማል። በሐረጎ ጋዝ ለቃችሁ ስትወርዱ ማርሚታው ተደጋግሞ የሚፈነዳ ከሆነ በአንገቱ በኩል አየር እየተሳበ ያልተቃጠለ ቤንዚን በጋለው ቱቦ ውስጥ እየነደደ ነው። ዳዶውን ፈትሹ፤ ካልቆመ ጓርኒሲዮኗ በትክክል አልተቀመጠችም። ቅጂ ወይም ክፍት ማርሚታ የገጠማችሁ ጥቂት ቀን ከነዳችሁ በኋላ ካንዴላውን (የሞተሩን እሳት ማቀጣጠያ) አውጥታችሁ እዩ፦ ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፣ ነጭ አመድ ከመሰለ ድብልቁ ሳስቷልና ካርቡራተሩ እስኪስተካከል ወደ ቆላ አትውረዱ።

ከመጀመሪያው ረጅም ጉዞ በኋላ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ዳዶዎቹን አንድ ጊዜ ደግማችሁ አጥብቁ፤ ጓርኒሲዮኗ በሙቀት ተጨማሪ ስለምትጨፈለቅ ትንሽ መላላታቸው የተለመደ ነው። ከዚያ በኋላ ደጋግሞ የሚላላ ዳዶ ካለ ጥርሱ ተበልቷልና በአዲስ ለውጡት።